ስለ ዘነበወርቅ ሆስፒታልና ስለ ሰፈሩ ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአየር ጤና ብዙም ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያገኘው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም ከተመሠረተው ሆስፒታል ነው፤ ሰፈሩን ያቀኑትም የሆስፒታሉ ታካሚዎች ናቸው። በአካባቢው ያደጉ ወጣቶች፣ አዲስ የገቡ ተከራዮችና ቤተሰቦቻቸው እዚያ የታከሙ ሰዎች ስለ ታሪኩ በብዛት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ሆስፒታሉ መቼ ተመሠረተ? ማንስ አቋቋመው?

ጅማሬው በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ከጣልያን ወረራ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያቋቋሙት አሜሪካዊው ሐኪምና ሚስዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ናቸው። ዶክተር ላምቢ ከዚያ በፊት ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠርተዋል፤ በኋላም የኢትዮጵያ ዜግነት እስከ መውሰድ ደርሰዋል። ለግንባታው የሚሆነው ገንዘብ በዋናነት የመጣው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን እርዳታ ከሚያሰባስብ የአሜሪካ ድርጅት ነበር።

ቦታው ያኔ ከከተማው ውጭ የሚገኝ ሜዳ ነበር። የተመረጠውም ስለሚርቅ ነው፤ በዚያ ዘመን በመላው ዓለም የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሌላው ሕዝብ ተለይተው እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ሆስፒታሉ የሚያክም ብቻ ሳይሆን የሚያርቅም ተቋም ሆኖ መጀመሩን ሳይዙ የሰፈሩን ታሪክ መረዳት አይቻልም።

በወረራው ዘመን ሚስዮናውያኑ ከአገር ወጡ። ከነፃነት በኋላ ሆስፒታሉ በመንግሥት እጅ ሆኖ ልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል በሚል ስም ቀጠለ።

ዘነበወርቅ ማን ናቸው?

የአፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተድረው ወደ ትግራይ ሄዱ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላቸውም እዚያው አረፉ። ባለቤታቸው ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርር ለጠላት ያደሩት ደጃዝማች ናቸው። ልዕልቲቱ ግን ያንን ለማየት አልደረሱም። ዛሬ ስማቸው ከቤተ መንግሥት ታሪክ ይልቅ በታክሲ ረዳቶች አፍ ይበልጥ ይጠራል።

ታዲያ አለርት የሚባለውስ ሌላ ሆስፒታል ነው?

አይደለም፤ ያው ነው። በታኅሣሥ ወር 1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል ተመሠረተ። አለርት የዚህ ማዕከል የእንግሊዝኛ ስም አህጽሮት ነው። መሥራቾቹ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና በሥጋ ደዌና በአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋም ላይ የሚሠሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ነበሩ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ስለሆነው፣ ለመላው አህጉር ሐኪም የሚያሠለጥን ማዕከል እዚህ መቋቋሙ ለዘመኑ መንፈስ የተስማማ ነበር። ከአፍሪካም ከእስያም የመጡ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች እዚህ ተምረው ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። በኋላ የሳንባ ነቀርሳም በማዕከሉ ስም ውስጥ ተጨመረ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሁንም «ዘነበወርቅ» ይላሉ፤ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ታካሚዎች «አለርት» ይላሉ።

ከሆስፒታሉ በፊት ሕሙማን የት ይኖሩ ነበር?

አብዛኞቹ በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ፣ በጠበል ቦታዎችና በመንገድ ዳር ነበሩ። ሐረር ላይ የካፑቺን ሚስዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ያቋቋሙት መጠለያ ነበር፤ እሱ ግን ለአንድ አካባቢ እንጂ ለአገር የሚበቃ አልነበረም።

ማኅበረሰቡ ለበሽታው የነበረው አመለካከት ሁለት መልክ ነበረው። በአንድ በኩል ምጽዋት መስጠት ጽድቅ ነው። ከባለጸጋ ቤት ተወልዶ፣ ሀብቱንና ሙሽራይቱን ትቶ፣ በደዌ ተመትቶ በአባቱ ደጃፍ እንደ ለማኝ የኖረው የገብረ ክርስቶስ ገድል በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቅና የሚወደድ ነው። በሌላ በኩል ሕመምተኛውን ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከዕድር ማግለል የተለመደ ነበር። በሽታው «በዘር ይወርዳል» ስለሚባል የታመመው ሰው ብቻ ሳይሆን እህት ወንድሞቹም ያለ ትዳር ይቀሩ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች ልመናውን ቢተዉ ደዌው ይይዛቸዋል የሚባለው እምነትም የዚሁ ፍርሃት አካል ነው። አንድ ሰው ከጎጃም ወይም ከወሎ ተነሥቶ ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ አዲስ አበባ ድረስ ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ መልሱ መድኃኒት ብቻ አልነበረም። ከሚያውቁት ሰዎች ዓይን መራቅም ነበረበት።

ሰፈሩ እንዴት ተመሠረተ?

ሕክምናው ረጅም ስለነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበረው መድኃኒት ከሕንድ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ የቻልሙግራ ዘይት ነበር፤ በመርፌ ሲወጉት በጣም ያምማል፣ የሚያስገኘው ጥቅም ግን ትንሽ ነው። ዳፕሶን የተባለው ኪኒን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲመጣ ትልቅ ተስፋ ፈነጠቀ። እሱም ቢሆን ለዓመታት፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነበር። መድኃኒቱን ላለማቋረጥ ደግሞ ሆስፒታሉ አጠገብ መኖር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ታካሚዎች በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች የመጡ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች ጎረቤታሞች ሆኑ። አገር ቤት የነሷቸውን ሁሉ እዚህ አገኙ፤ እርስ በርስ ተጋቡ፣ ዕድር አቋቋሙ፣ ልጆች ወለዱ። በገብረ ክርስቶስ ስም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ፤ በዓሉ ጥቅምት 14 ሲከበር አካባቢው በሕዝብ ይሞላል። ሲድኑም አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ርስታቸውን ወንድም ይዞታል፣ የትዳር ጓደኛ ሌላ አግብቷል፣ በእጅና በእግር ላይ የቀረው ምልክትም ሰው ፊት አያስቆምም።

የዚህ ሰፈር ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲጻፍላቸው የሚነገረው ልመናቸውና ድህነታቸው ብቻ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። ያለ መሬትና ያለ ዘመድ፣ ብዙዎቹም በተጎዳ እጅ፣ አንድ ሙሉ ሰፈር አቁመዋል። ጥጥ ፈትለዋል፣ ጠልፈዋል፣ ነግደዋል፣ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ራሳቸው የተጠቂዎቹ የሚመሩትን አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ በየክልሉ ያሉ የአካባቢ ማኅበራትን በአንድ አሰባስቧል። የአዲስ አበባን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ፒያሳንና መርካቶን በሚያይበት ዓይን ይህንንም ሰፈር ሊያየው ይገባል።

ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዛሬ ሰፈሩን ከቦታል። በአንድ ወቅት ሰው የሚሸሸው ሜዳ አሁን የቀለበት መንገድ የሚያልፍበትና የቤት ኪራይ የሚወደድበት ነው። በዚህ መሃል ለአሮጌዎቹ ነዋሪዎች የመቆየት መብት ሊታሰብላቸው ይገባል።

ሆስፒታሉ ለሕክምና ሳይንስ ያበረከተው ምንድን ነው?

ከሚታወቀው በላይ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የዳፕሶን ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ ለዓመታት ብቻውን ሲሰጥ ከቆየ በኋላ አንዳንድ የዳኑ መስለው የነበሩ ሰዎች እንደገና መታመም ጀመሩ። በ1960ዎቹ በአለርት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየተላመደ መሆኑን በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ ተከታትለው አሳዩ። ከዚያም የባሰ ነገር አገኙ፤ መድኃኒቱን ጨርሶ ቀምሰው የማያውቁ አዲስ ሕሙማን ዳፕሶንን የተላመደ ባክቴሪያ ይዘው መጡ። ይህ ማለት የተላመደው ተህዋስ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ግኝቶች ተደማምረው የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. አንድ መድኃኒት ብቻውን መስጠት እንዲቆምና ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በጥምረት እንዲሰጡ ወሰነ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ወደ ወራት ያጠረው በዚህ ውሳኔ ነው። የዘነበወርቅ ታካሚዎች የሰጡት ናሙናና ያሳዩት ትዕግሥት በዚያ ውስጥ አለበት፤ ስማቸው ግን በየትኛውም የሳይንስ መጽሔት ላይ አልወጣም።

ሁለተኛው በዚያው ግቢ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነው። የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አቋቋሙት። ስሙም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘውን ኖርዌያዊ ሐኪም ለማስታወስ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች አንዱ የነበሩት ቶሬ ጎዳል የሰውነት መከላከያ ለበሽታው የሚሰጠውን ምላሽ በማጥናት የታወቁ ሲሆን፣ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትን የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም መርተዋል። ተቋሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተጠቃልሎ ዛሬ በሳንባ ነቀርሳና በሌሎችም በሽታዎች ላይ ይመራመራል።

ሦስተኛው በ1980ዎቹ የተካሄደው የረጅም ጊዜ ክትትል ነው። ጥምር መድኃኒቱን የወሰዱ ሰዎችን ለዓመታት በመከታተል፣ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም የነርቭ ጉዳት ሊቀጥል እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ ለታካሚ ትልቅ ትርጉም አለው። መድኃኒት ጨርሶ የሄደ ሰው ፊቱ ወይም እጁ ድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላ፣ ነርቩን ቢያመው፣ ዓይኑን መክደን ቢያቅተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መመለስ አለበት። በጊዜ ከተደረሰበት እንደ ፕሬድኒሶሎን ባሉ መድኃኒቶች ጉዳቱን መቀልበስ ይቻላል።

የሥጋ ደዌ ጣት የሚቆርጠው እንዴት ነው?

አይቆርጥም። ባክቴሪያው የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ነርቭ ሲጎዳ ሕመም የመስማት ችሎታ ይጠፋል፤ ሰውየው የጋለ ድስት ያነሣል፣ እሾህ ተሰክቶበት ቀኑን ሙሉ ይሄዳል፣ ሌሊት አይጥ ብትነክሰው አይሰማውም። ቁስሉ እየመረቀዘ አጥንቱ ቀስ በቀስ ያልቃል፤ ጣት የሚያጥረውም በዚህ ነው። ይህን በደንብ ካስረዱት አንዱ ሕንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፖል ብራንድ ናቸው፤ አለርት ሲመሠረትም እጃቸው ነበረበት። የታጠፈ ጣት ጅማቱ ተዛውሮለት እንዲዘረጋ፣ የማይከደን ዓይን እንዲከደን የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና በአለርት ለብዙዎች ተሠርቷል። የሆስፒታሉ የአጥንትና የጫማ ወርክሾፕም ለደነዘዘ እግር ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማና ሰው ሠራሽ እግር ያዘጋጃል።

ለደነዘዘ እጅና እግር የቤት ውስጥ እንክብካቤ ዋናው መፍትሔ ነው። በየቀኑ መመርመር፣ በቀዝቃዛ ውኃ መዘፍዘፍ፣ የጠነከረውን ቆዳ በዝግታ ማለስለስ፣ ቅባት መቀባት፣ በባዶ እግር አለመሄድ፤ ድስት በጨርቅ ማንሣት። ይህን አዘውትሮ የሚያደርግ ሰው ጣቶቹን ይዞ ያረጃል።

በዚያ ሰፈር ቤት ብከራይ ይይዘኛል?

አይዝም ብሎ በልበ ሙሉነት መመለስ ይቻላል። ከሰዎች ሁሉ 95 በመቶ ያህሉ ተፈጥሯዊ መከላከያ ስላላቸው ባክቴሪያው ቢደርስባቸውም አይታመሙም። የሚተላለፈውም ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ በቅርብ በመኖር ነው፤ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት ወይም ጎን ለጎን በታክሲ በመቀመጥ አይደለም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አያስተላልፍም። በሰፈሩ የሚያዩዋቸው የተጎዳ እጅና እግር ያላቸው አረጋውያን ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የዳኑ ናቸው፤ የሚታየው የቀድሞው ቁስል ጠባሳ ነው። በዘርም አይወርድም። የእነዚህ አረጋውያን ልጆችና የልጅ ልጆች ጤነኛ ሆነው ማደጋቸው ለዚህ የዓይን ምስክር ነው።

ሕጉ ሕሙማኑን እንዴት ያያቸው ነበር?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥጋ ደዌን በስም ጠቅሶ፣ የትዳር ጓደኛው በበሽታው መያዙን ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው በስሕተት የተፈጸመ ነው ብሎ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የበሽታውን ስም አውጥቶ፣ በምትኩ ስለማይድን ወይም ወደ ዘር ስለሚተላለፍ በሽታ ይናገራል። የሥጋ ደዌ ይድናል፤ በዘርም አይተላለፍም። ስለዚህ ዛሬ ማንም ይህን በሽታ ምክንያት አድርጎ ጋብቻው በስሕተት የተፈጸመ ነው ለማለት ይህን ሕግ መጥቀስ አይችልም። ሕጉ ከተለወጠ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ «አባቱ የዘነበወርቅ ልጅ ነው» ተብሎ የተበተነ የሽምግልና ጉባኤ መኖሩ ያሳዝናል።

የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ለምን እዚያው አካባቢ ሆነ?

ቆሼ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አካባቢ ሥራ ሲጀምር ቦታው አሁንም ከከተማ ዳር ነበር፤ ከተማው ማየት የማይፈልገውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ላከ። ብዙ ድሆች ከሚጣለው እየለቀሙ ኖረዋል፤ ከቆሻሻው ሥርም ቤት ሠርተዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለ ሆስፒታሉ ታሪክ ሲወራ ይህ ለምን ይነሣል የሚሉ አሉ። የሚነሣው ሰዎችን ወደ ዳር መግፋት ምን እንደሚያስከትል የሰፈሩ ነዋሪዎች ሁለት ጊዜ ስለከፈሉበት ነው።

ዛሬ ለሌላ በሽታ መታከም ይቻላል?

አዎ። አጠቃላይ ሆስፒታል ነው፤ የድንገተኛና የአደጋ፣ የዓይን፣ የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ይሰጣል። በቆዳ ሕክምና በተለይ የታወቀ ነው፤ ከመላ አገሪቱ ሕሙማን ይላኩበታል።

በግቢው የሚሸጠው ጥልፍ የማን ሥራ ነው?

በበሽታው የተጠቁ፣ በአብዛኛውም ሴቶች የሆኑ ባለሙያዎች ነው። በቀለማት ያሸበረቁ የግድግዳ ጌጦች፣ የትራስ ልብሶችና የጠረጴዛ ጨርቆች ይሠራሉ። ሲገዙ ሥራውን አይተው ይግዙ። ዋጋው የምጽዋት ሳይሆን የሙያ ዋጋ ነው።

የሥጋ ደዌ ከኢትዮጵያ ጠፍቷል?

አልጠፋም። ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ማውረድ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ግብ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተሳክቷል። ያ ቁጥር ግን ብዙዎች ጉዳዩ አልቋል ብለው እንዲዘነጉ አድርጓል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ በየዓመቱ ሦስት ሺህ ገደማ አዲስ ሕሙማን ይመዘገቡ ነበር፤ ከእነሱም መካከል ሕፃናት አሉ። ይህም በሽታው አሁንም እየተላለፈ መሆኑን ያሳያል። ቆዳ ላይ የቀላ ወይም የነጣ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ ወደ ማንኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይፈጃል። አዲስ አበባ ድረስ መምጣት፣ ከቤተሰብ መለየት አያስፈልግም።

አያቴ በዘነበወርቅ ታክመው ነበር። ታሪካቸውን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ከራሳቸው፣ በሕይወት ካሉ። የሰፈሩ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች በዕድሜ ገፍተዋል፤ ብዙዎቹም አርፈዋል። ከየትኛው ወረዳ እንደመጡ፣ በምን እንደተጓዙ፣ ማን እንዳስተናገዳቸው፣ የመጀመሪያውን ጎጆ የት እንደቀለሱ ይጠይቁ። ስለ በሽታው በቀጥታ ከመጀመር ስለ ጉዞው መጀመር ይሻላል፤ ሌላውን ሲፈልጉ ራሳቸው ያነሡታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ በስልክ ጥቂት በጥቂት ማስነገርና ድምፁን ማስቀረት ይቻላል። ካረፉ ደግሞ የዕድር መዝገብ፣ የገብረ ክርስቶስ ሰበካ ጉባኤ ሽማግሌዎችና የተጠቂዎቹ ማኅበር አባላት ብዙ ያስታውሳሉ።

የተቀዳውን ለሌላ ሰው ከማሰማትዎ በፊት ግን ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፤ የተጎዳ እጃቸውን ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊትም እንዲሁ። ለአገር ቤት ዘመድ እስከ ዛሬ ያልተናገሩት ነገር ሊኖር ይችላል፤ መቼና ለማን እንደሚነገር መወሰን የእርሳቸው ነው።